በአምስት ደቂቃ ያደገ በቆሎ

ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ
ረቡዕ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኬኔ አባት፣ ለሌንጮ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ድሬዳዋ ድረስ ይግባልህ። ስልክ ብደውል እንደማታነሳ ስለማውቅ ወረቀት መረጥኩ። ይህን የሚያደርስልህ ሹፌሩ ሞሲሳ ነው። ጭነት ይዞ እስከ እናንተ ከተማ ስለሚወርድ እጅህ ላይ ሳይሰጥ እንዳይመለስ አደራ ብዬዋለሁ። መልስህንም ይዞ የሚመጣው እሱ ነው። በር ላይ ቆሞ ቢጠብቅህ እንዳትቆጣው፤ ያዘዝኩት እኔ ነኝ።

እኛ ደህና ነን። ኬኔ ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ስለደረሳት ከቤት ነው የምትመላለሰው። ቁመቷ እኔን አልፏል፤ ሳቋ ግን ያንተ ነው፣ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ዝናቡ በጊዜው ገባና ሰዉ በቆሎ እየዘራ ነው። መንገዱ አንዱን ሳምንት ይዘጋል፣ ሌላውን ይከፈታል። ሲከፈት ኑጉንም በቆሎውንም እጭናለሁ፣ ሲዘጋ እጠብቃለሁ፣ ማታ ማታ እንደ ድሮዬ የዕለቱን እጽፋለሁ። አልተለወጥኩም።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። የጎረቤታችን የኦቦ ዋጋሪ ልጅ ኢቢሳ በአባቱ ስም ሽማግሌ ፊት አቁሞኛል። አንተ የምታስታውሰው ኢቢሳ ኳሱን እኛ ግቢ እየጣለ ስንቆጣው የሚያለቅሰውን ነው። ዛሬ ጢሙን አሳድጎ፣ አርጆ ከተማ የነበረውን ሥራውን ትቶ መጥቷል። በሁለታችን ግቢ መካከል ያለው አጥር ወደ እነሱ ገብቷል ይላል። አይሱዙ የማስገባበት መተላለፊያ የአባቱ መሬት ነው ማለቱ ነው። ካርታዬን ባሳየው፣ «ካርታው የተለካው አጥሩ ከተነሳ በኋላ ነው፤ የድራማ ሰዎቹ ለካሜራቸው ነቅለውት ሲመልሱ ወደ እኛ ገፍተው ነው የተከሉት» አለኝ።

መተላለፊያው ከተወሰደ መጋዘኔ መኪና አያስገባም። መኪና የማይገባበት መጋዘን ምን እንደሚሆን ላንተ አልነግርህም። ኢቢሳ ደግሞ ቦታው ላይ የሚከራዩ ክፍሎች ሊሠራ ነው። ታች ጥጉ ላይ፣ የመኪና በሬ አጠገብ፣ ውሃው በሚወርድበት በኩል፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ ያስቆፍራል። ቆፋሪዎቹን አነጋግሯቸዋል፤ የሚጠብቀው የሽማግሌዎቹን ቃል ብቻ ነው።

ማስረጃው «የጉርሙ ግቢ» መሆኑን ስትሰማ መጀመሪያ ትስቃለህ።

አዎ፣ ያ የድሮ አስቂኝ ድራማችሁ። የእኛ ግቢ የአከራዩ የጉርሙ ግቢ የሆነበት፣ አንተ ኪራይ የማይከፍለውን ተከራይ የሆንክበት። አንድ ሰው ሁሉንም ክፍል ስልክ ላይ ጭኖት ወጣቶቹ እንደ አዲስ እያዩት ነው። የሚያዩት ግን ለቀልዱ አይደለም፤ ስህተቱን ለመልቀም ነው። ጉርሙ ሻይ ሲቀዳ ፔርሙዙ ቀይ ነው፣ ብርጭቆውን አንስቶ ሲጠጣ ሰማያዊ ሆኗል። እሱ የእኔ ሥራ መሆኑን ታስታውሳለህ። ፔርሙዙን ከሱቄ ተውሳችሁ ቀረጻው በዝናብ ሲቋረጥ እኔ ለሲሬ ደንበኛ ሸጥኩት። በማግሥቱ ሰማያዊውን ስሰጣችሁ ዳይሬክተሩ ራሱን ያዘ፣ እኔ ደግሞ ፔርሙዝ ፔርሙዝ ነው አልኩት። የግድግዳው ሰዓት ሁልጊዜ ቆሟል። የጉርሙ እጅ ላይ ያለው ፋሻ ከቀኝ ወደ ግራ ይዘላል። ፍየሏ ደግሞ ንግግር መሃል ትጠፋለች፤ ባለቤቷ ለበዓል አርዷታል። አንድ ካሜራ፣ ከአዲስ አበባ የሚመላለስ ሚኒባስ፣ መብራት ሲኖር ዝናብ፣ ዝናብ ሲያባራ መብራት የለም። የአምስት ደቂቃ ንግግር ጀምራችሁ ስትጨርሱ ወራት አልፎ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ሱቄ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ሰብሳቢው ኦቦ ደረሳ ናቸው። ስልኩ ለዓይናቸው ስላነሰ፣ አጠገቤ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጠው ኢስማኢል ትልቅ ቴሌቪዥን አውጥቶ አገናኘላቸው። ያየነው ባልዲውን ማን ሰነጠቀው እያላችሁ ከጉርሙ ጋር የምትከራከሩበትን ነው። እኔ ተዘጋጅቼ ነበርና የመጨረሻውን አሳየኋቸው። ከኋላችሁ በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ ነው፣ አጥሩም ልክ ዛሬ ባለበት ቆሟል።

ኢቢሳ ተነሳ። «አዴ ሐረጌ፣ ከጭራው ጀመርሽልን። እስቲ ወደ ኋላ መልሽው።»

ኢስማኢል መለሰው። የዚያው ክርክር መጀመሪያ ነው። በቆሎው ጉልበት አይደርስም። አጥሩ ደግሞ ቤታችን ግድግዳ ሥር ነው፣ አንድ ሰው በጎኑ ካልሆነ አያልፍም።

አንዱ ሽማግሌ፣ «ወይ ጉድ! አንድ ባልዲ ተከራክረው ሳይጨርሱ አጥሩ ተነስቶ ሄደ?» አሉ።

«አጥሩን ተዉት፣ በቆሎውን እዩልኝ እንጂ!» አለ ኢስማኢል። «በአምስት ደቂቃ እንዲህ የሚያሳድገውን ማዳበሪያ ንገሩኝና ሱቄን ዘግቼ እሱን ልሽጥ።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ኦቦ ደረሳም ሳቁ፤ ግን ቶሎ ፊታቸውን ሰበሰቡ። «በቃ። የቱ ነው የቀደመው?»

«ኦቦ ደረሳ፣ በቆሎ ወደ ታች አያድግም እኮ!» አለ ኢቢሳ። «አጭሩ ይቀድማል። አጥሩ ድሮ እነሱ ግድግዳ ሥር ነበረ፣ በኋላ ገፉት።»

እስኪቀመጥ ጠበቅኩት። ከዚያ፣ «ኢቢሳ፣ የድራማ ሰዎቹ ሁለት ክረምት ተመላልሰዋል» አልኩ። «ረጅሙ የመጀመሪያው ክረምት፣ አጭሩ የሚቀጥለው ዓመት በቆሎ ቢሆንስ? አጥሩን ለካሜራቸው ብለው ወደ እኔ አስጠጉት፣ ሲጨርሱ ወደ ቦታው መለሱት። እንዲህ አይሆንም የምትል ከሆነ አስረዳን።»

ስናገረው አምኜበት ነበር፤ አጥሩ ያን ጊዜ የት እንደነበረ ከአእምሮዬ ጠፍቷል። ኢቢሳ፣ «አንቺ ሴትዮ ሰይጣን ራሱ አይችልሽም» ሲል ኦቦ ደረሳ፣ «አፍህን ሰብስብ! በዕድሜ እናትህ ናት» ብለው ገሠጹት። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየሁ። ወደ እኔ አዘንብለዋል።

ኦቦ ደረሳ ግን ጠንቃቃ ናቸው። «ቴሌቪዥን አይምልም» አሉ። «አጥሩን በእጁ የያዘ ሰው ይናገር። ሌንጮ በሕይወት አለ አይደል? ቅዳሜ ግንቦት 16 በስልክ ይገኝ፣ ምሎ ይንገረን፣ ያለው ይጸናል።» ስለዚህ በዚያ ቀን ይደውሉልሃል። ድምፅህን ሁሉም ይሰማል።

አንድ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ከነከነኝ። ኦቦ ዋጋሪ፣ የክሱ ባለቤት፣ አንዲት ቃል አልተናገሩም። በቆሎው ሲያድግ ሁሉም ሲስቅ እሳቸው መሬት መሬቱን ያያሉ። ቴሌቪዥኑ ሳይጠፋ ተነስተው ሄዱ።

እሑድ ከምሳ በፊት ኬኔ ስልኳን ይዛ ከሳሎን ጠራችኝ። «እማ፣ ነይ ይህችን ሴትዮ እይልኝ! በሳቅ ልሞት ነው!»

ያንኑ የባልዲ ክርክር ነው። አንዱ ልቅም አድርጎ ቆርጦታል። መጀመሪያው ላይ ከጉርሙ ኋላ አንዲት ሴት የልብስ ሳፋ ይዛ ታልፋለች፤ ሆዷ ገፍቶ ሳፋውን ከፊቷ አርቆታል። መጨረሻው ላይ ያችው ሴት፣ በዚያው ቀሚስ፣ ትመለሳለች። ሆድ የላትም። ከሥሩ «የባልዲው ክርክር ሳያልቅ ወለደች» ተብሎ ተጽፏል። ሌላው ደግሞ «ልጁንስ የት ጣለችው?» ብሏል። ከዚያ በታች እስከ መጨረሻው የሚስቅ ፊት ነው።

«ከልብሱ ጋር አሰጣችው እንዴ?» አለች ኬኔ፣ በአንተ ሳቅ እየሳቀች።

ፊቴ አይታይም፣ ጎኔና ጀርባዬ ብቻ ነው። ቀሚሱን ግን አወቅሁት። ነጭ አንገት ያለው አረንጓዴ፣ ከሲሬ የገዛህልኝ።

«ምሳው ይቀዘቅዛል፣ ዝጊውና ነይ» አልኳት።

«አላሳቀሽም?»

«አሳቀኝ።»

ከእሷ በፊት ሌላ ልጅ እንደነበረን ለኬኔ ነግረናት አናውቅም። እኔና አንተም ተነጋግረንበት አናውቅም። ሆስፒታል ትኩሳቱ ሲለቀኝ እናቴ አትጠይቂ አለችኝ፣ እኔም አልጠየቅሁም። አንተ ገብተህ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥክ፣ ስለ ዝናቡ አወራህ፣ ወጣህ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ስለ ዝናቡ ነው ያወራነው።

ምሳዬን በልቼ ብቻዬን ተቀመጥኩና ነገሩን እንደ ንግድ ዕቃ አገላበጥኩት። ሆዴ የገፋው ሰኔ ነው። ሆስፒታል የገባሁት ሐምሌ ነው። ወደ ቤት የመጣሁትና ልብስ ያጠብኩት ነሐሴ መጨረሻ ነው። ስለዚህ አጭሩ በቆሎ ይቀድማል፤ ሁለት ዓመት የሚባል ነገር የለም፣ ያው አንድ ክረምት ነው። ለሽማግሌዎቹ የነገርኳቸው ውሸት ሆኖ ተገኘ። አጥሩ ድሮ እኛ ግድግዳ ሥር ነበር፤ መተላለፊያው የኦቦ ዋጋሪ ነው። ይህን የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ለሌላው ሰው እሷ ስሟ የማይታወቅ ሳፋ የያዘች ሴት ናት።

የማስታወሻዬን የዚያን ዓመት ገለጥኩ። ሐምሌና ነሐሴ ባዶ ነው። እኔ እንኳ ለራሴ አልጻፍኩም።

ከዚያ ሌላው መጣብኝ። ሐምሌ ላይ የድራማ ሰዎቹ እዚህ አልነበሩም፣ ዝናቡ አስመርሯቸው አዲስ አበባ ገብተው ነበር። አጥሩ ለካሜራ ተብሎ አልተነሳም ማለት ነው፤ ግቢው ውስጥ የቀረኸው ደግሞ አንተ ብቻ ነህ። ታዲያ ሚስቱ ሆስፒታል የተኛች ሰው በዚያ ዝናብ አጥር የሚነቅለው ለምንድን ነው?

ያንን ክርክር ድምፁን አጥፍቼ ደጋግሜ አየሁት። ወጣቶቹ ስለ ባርኔጣህም ይቀልዳሉ። ባልዲው ሲነሳ ራስህ ባዶ ነው፣ ጸጉርህ ጎፈሬ ነው፣ ባልዲው ሲቀመጥ ባርኔጣ ደፍተሃል። ከባርኔጣው ሥር ጆሮህ አጠገብ ምንም ጸጉር የለም። ከሆስፒታል ስመለስ ራስህን ተላጭተህ ነበር። ምነው ብልህ፣ ለድራማው ነው አልከኝ። የጉርሙ ተከራይ ግን ጸጉራም ነው፤ ባርኔጣውን ያደረጉልህ መላጨትህን ሊሸፍኑ ነው። ለድራማው አልተላጨህም፣ ሌንጮ። ለልጃችን ሐዘን ነው የተላጨኸው። እኔን ግን እኔ እዚያ ተኝቼ አንተ ሰው ለማሳቅ እንደምትዘጋጅ እንዳስብ አደረግከኝ። ይህን ሁሉ ዘመን እንደዚያ ብዬ ያዝኩብህ።

ሰኞ ኦቦ ዋጋሪ ዘንድ ሄድኩ። ደጃቸው ተቀምጠው የንብ ቀፎ ይጠግናሉ። ኢቢሳ ቤት አልነበረም።

«ኦቦ ዋጋሪ፣ አጥሩ ለምን እንደተነሳ ያውቃሉ?» አልኳቸው።

እጃቸው ቆመ። «አውቃለሁ፣ ኢንታላ ኮ» አሉ። ከድሮም «ልጄ» የሚሉኝ በኦሮምኛ ነው።

«ታዲያ ለምን ለልጅዎ አይነግሩትም?»

«ቃል ሰጥቼ ነዋ። ለሚስቴም ሳልነግር ነው የቀበርኳት።» ቀፎውን አስቀመጡት። «እናትየዋ አንቺ ነሽ፣ ላንቺ እነግርሻለሁ። በዚያ ዝናብ ባልሽ መጥቶ እዚህ በር ላይ ቆመ። የታቀፈውን በጋቢ ሸፍኖታል። ቤታችን ጀርባ ጠጠር ነው፣ ዶማ አልገባም አለኝ አለ። የእኔ አፈር ለስላሳ ነው፣ ከአጥሩ ወዲህ ግባ አልኩት። እሱ ደግሞ ቆሞ አለቀሰ። 'ኦቦ፣ ከአጥር ውጭ ሆኖ እንዳያድር' አለኝ። አጥሩን አብረን አነሳን፣ አብረን ተከልን።»

«የት ላይ ነው?»

«ሲቆፍር ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር። አባት እንደዚያ ሲሆን አይታይም። ለሽማግሌዎቹም ለኢቢሳም ግን አልናገርም፣ እሱ ራሱ ካልፈታኝ።»

«ዋንዛው የነበረበት ነው?»

የመኪና በሬን ነው ያዩት።

ሌንጮ፣ ዋንዛውን የተከልከው አንተ ነህ። የዛሬ ስድስት ዓመት አይሱዙ እንዲገባ ላስቆርጠው ስል፣ «ይህን ከቆረጥሽ እኔ እዚህ አላድርም» አልከኝ። ለአንድ እንጨት ብሎ ቤቱን የሚጥል ወንድ አለ ብዬ ሳቅሁብህ፤ አስቆረጥኩት፣ አንተም ሄድክ። ሌላ ሴት አለችው አልኩ፣ ሰበብ ፈለገ አልኩ። ለኬኔም እንደዚያ ነገርኳት። ለምን አልነገርከኝም? ልጠይቅህ ብዬ ስጽፈው ደግሞ እኔም እንዳልጠየቅሁህ አየዋለሁ።

አሁን ያለንበትን በግልጽ ልንገርህ። ቅዳሜ መሬቱ የሐረግወይን ነው ብትል እኔ አሸንፋለሁ፣ በሐሰት ምለሃል፣ መኪናውም እዚያው ላይ መመላለሱን ይቀጥላል። መሬቱ የኦቦ ዋጋሪ ነው ብለህ ብቻ ብታቆም ኢቢሳ ያሸንፋል፣ ሰኞ ጉድጓዱ ይቆፈራል። እሱ ክፉ ልጅ አይደለም፣ የማያውቀውን ነው የሚቆፍረው። ስለዚህ ወይ ሁሉንም ትናገራለህ፣ ወይ ኦቦ ዋጋሪን ከቃላቸው ትፈታቸዋለህ። ሦስተኛ መንገድ ፈልጌ አጣሁ፤ መንገድ መፈለግ ደግሞ ሥራዬ መሆኑን ታውቃለህ።

ብቻህን አታደርገውም። አንተ ከመናገርህ በፊት እኔ እነሳለሁ። ያቺ ሳፋ የያዘች ሴት እኔ ነኝ፣ አጭሩ በቆሎ ይቀድማል፣ መሬቱ የኦቦ ዋጋሪ ነው እላለሁ። ኢስማኢል የሚለውን ይበል፣ ሰዉ የሚስቀውን ይሳቅ። ከዚያ ጥጉን ብቻ ለምኜ እወስዳለሁ። ጥጉን ይስጡኝና የቀረውን ኢቢሳ ቤት ይሥራበት። እህሉን አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ መጋዘን ተከራይቼ አስገባዋለሁ፣ ቦታውን አይቼዋለሁ። ግን ጥጉ የቱ ድረስ እንደሆነ የምታውቀው አንተ ነህ። ከዋንዛው ጉቶ በየት በኩል እንደሆነ ጻፍልኝ። ስሕተት አልፈልግም።

ኬኔ ከሰው አፍ እንዳትሰማው በዚያ ሳምንት ዓርብ እነግራታለሁ። አንተ መናገር ከፈለግህ ግን ቀድመህ ደውልላት፤ ስልኩን ለእሷ ትቼ እወጣለሁ።

ከሰኞ ጀምሮ የመኪና በሩን ዘግቼዋለሁ። አይሱዙው አስፋልቱ ዳር ይቆማል፣ ተሸካሚዎቹ ኩንታሉን በፊት በር እያዞሩ ያስገባሉ። አንዱ፣ «አዴ ሐረጌ፣ ሰፊ በር እያለሽ ወገባችንን ለምን ትቆርጪብናለሽ?» አለኝ። ተበላሽቷል አልኩት። እኔ ራሴ ወደ ሱቅ ስሄድ በዚያ በኩል አልረግጥም።

እግዚአብሔር ልብህን ያለስልስልህ፣ ካለህበት ሙቀትም ይጠብቅህ። ብቻህን የተሸከምከውን የምታስቀምጥበት ቦታ ይስጥህ። የምትመጣ ከሆነ መንገዱ ክፍት መሆኑን ከሞሲሳ ጠይቅ፤ አልጋህ እንዳለ ነው።

ወንድ ትሁን ሴት እንኳ አልጠየቅሁም ነበር። ስም ሰጥተህ ቀብረህ ከሆነ፣ ስለ ጉቶውም ስለ አጥሩም ከመጻፍህ በፊት እሱን ጻፍልኝ።

የልጆችህ እናት
ሐረግወይን